የእማማ መዳፍ

ትናንት ሌሊት እማማን ሳገላብጣቸው መዳፋቸውን በመብራቱ አየሁት። ወረቀት መስሏል። የዓይናቸውን ቆብ ወደ ታች ሳብ ባደርገው ውስጡ ቅላት የሚባል ነገር የለውም። ባለፈው ሳምንት በምርመራ የደማቸው መጠን፣ ሄሞግሎቢን የሚሉት፣ 5.8 ነው ብለውናል። ለሴት ጤነኛው 12 እና ከዚያ በላይ ነው።

93 ዓመታቸው ነው። እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሳሎናችን ውስጥ ባስገባነው የሆስፒታል አልጋ ላይ ተኝተዋል። ልባቸውም ኩላሊታቸውም ደክሟል። የኩላሊት እጥበቱን፣ ዲያሊሲሱን፣ "አልፈልግም" ስላሉ ከመጋቢት ጀምሮ በሆስፒስ ነው የሚታከሙት፤ ለማዳን ሳይሆን የመጨረሻ ጊዜያቸውን ለማቅለል በሚደረግ እንክብካቤ። ይህን ለአክስቴ ማስረዳት ስንት ቀን ፈጀብኝ። "ተስፋ ቆረጣችሁባቸው ማለት ነው?" አለችኝ። ነርሷ ቤት ድረስ እየመጣች ስቃያቸውን ታስታግሳለች ብላት ፊቷን አዙራ አለቀሰች።

ደም ማነሱን ስትሰማ ቀይ ስር ጨምቃ መጣች። ምስሩ፣ ጎመኑ፣ የአይረን ክኒኑ ተከተለ። ችግሩ ግን የምግብ አይደለም። መቅኒን ደም እንዲሠራ የሚያዘው ሆርሞን የሚመነጨው ከኩላሊት ነው፤ ኩላሊታቸው ደግሞ ያን ማድረግ አቅቶታል። ክኒኑም ሆዳቸውን ከማድረቅ በቀር የፈየደው የለም።

ሆስፒስ ላይ ላለ ሰው ደም ማግኘት ቀላል አይደለም። ሜዲኬር፣ የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን፣ ለሆስፒሱ የሚከፍለው በቀን የተቆረጠ ሒሳብ ስለሆነ የደሙም ወጪ ከዚያው ነው የሚወጣው። ሐኪማችን ግን "አንድ ከረጢት እንስጣቸውና እንዴት እንደሚሆኑ እንይ" አለ። ልባቸው እንዳይጨናነቅ ቀስ እያለ፣ አራት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ተንጠባጠበ። "የማን ደም ነው ልጄ?" አሉኝ። አናውቀውም አልኳቸው። "እግዜር ያውቀዋል" ብለው ከረጢቱ እስኪያልቅ ድረስ ያንን የማያውቁትን ሰው ሲመርቁ ዋሉ።

ያ ደም ፋሲካን ሰጠን። ቁጭ ብለው ፈሰኩ፤ ቡናውን እስከ በረካ ጠጡ፤ የልጅ ልጆቻቸውን በየስማቸው እየጠሩ ሳሙ። ለዚያች ቀን ስል መቼም አልጸጸትም።

ሁለተኛው ግን እንደዚያ አልሆነም። የወሰዱ ዕለት ማታ ሳንባቸው ውሃ ቋጠረ። ውሃውን በሽንት የሚያስወጣ መድኃኒት፣ ላሲክስ፣ ተሰጣቸው፣ ኦክስጅን ተደረገላቸው፣ እኔና ወንድሜ በትራስ ደግፈን ቁጭ እንዳሉ አነጋን። ቁጥሩ ወደ 7 ተጠግቶ ነበር፤ እሳቸው ግን ከአልጋ አልተነሱም።

አሁን አክስቴ "ሦስተኛ ይሰጣቸው" ትላለች። እኔም ልቤ ለሁለት ተከፈለ። በመጨረሻ ራሳቸውን ጠየቅኋቸው። ብዙ ቆይተው "ለወላድ ይሁን" አሉ። ከዚያ ሰምቼው የማላውቀውን አወሩኝ። ታላቅ እህታቸው ወልዳ ደሟ አልቆም ሲል ኩራዝ ይዘው የቆሙት እሳቸው ነበሩ፤ የ11 ዓመት ልጅ። ደሙ ከመደቡ ወርዶ እግራቸውን ሲነካቸው ሞቅ ያለ ነበር አሉ። "ያኔ እንዲህ በከረጢት ቢኖር" አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ሐኪሙን ደውዬ ነገርኩት። የደም ምርመራውንም አስቆምን፤ ደም ካልሰጠናቸው ለቁጥር ብለን ከዚያች ጥቂቷ ምን እንቀዳለን? ትንፋሽ ሲያጥራቸው የአየር ማራገቢያዋን ፊታቸው ላይ አዞርላቸዋለሁ። በጣም ሲጠናባቸው ትንሽ ሞርፊን ምላሳቸው ሥር ጠብ አደርጋለሁ። መጀመሪያ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ የምገድላቸው መስሎኝ። ነርሷ አጠገቤ ቆማ ትከሻቸው እንዴት ዘና እንደሚል ካሳየችኝ ወዲህ አልፈራም።

አክስቴ ዛሬም ቀይ ስሯን ጨምቃ መጣች። አይጠቅምም ማለቱን ትቻለሁ። መጠጣት ስለከበዳቸው በጥጥ እያጠቀሰች ከንፈራቸውን ታርስላቸዋለች። "ጣፈጠኝ" አሏት። ከንፈራቸው ቀላ።