የማሲው የመሪ ዘይት የት ገባ?

ድሬዳዋ አጠገብ ካለችው ከመልካ ጀብዱ ወጣ ብሎ ባለው እርሻችን አንድ ማሲ ፈርጉሰን 165 ትራክተር አለ። ይህ ሞዴል መሸጥ የጀመረው በፈረንጆቹ 1964 መጨረሻ ላይ ነው። ሞተሩ ባለ 4 ሲሊንደር ፐርኪንስ ነው። አባቴ አሮጌ ሆኖ ነው የገዛው፣ አሁን እንግዲህ የአሮጌ አሮጌ ሆኗል። እኛ ቤት ግን ዛሬም ሽንኩርቱም ማሽላውም የሚታረሰው በእሱ ነው።

ባለፈው በጋ መሪው አስቸገረን። ጠዋት የመሪ ዘይት እሞላለሁ። በሦስተኛው ቀን ፖምፓው እንደ ውሻ ያላዝናል፣ መሪው ደግሞ ድንጋይ ይሆናል። በሳምንት አንድ ሊትር ገደማ እየጠጣ ነበር።

ጎንበስ ብዬ ሳይ ከፊት ያለው ነገር ሁሉ በዘይት ርሷል። የድሬ አሸዋ ደግሞ ዘይት ካገኘ አይለቅም፤ ቱቦው፣ ሲሊንደሩ፣ ቡሎኑ ሁሉ አንድ ላይ ተለውሶ ጭቃ ሆኗል። እኔም በጣም የረጠበውን ቦታ መረጥኩ። ከፖምፓው የሚወጣው የጎማ ቱቦ ነበር። የተሰነጠቀውን ቆርጬ፣ ሌላ ቱቦ ቀጥዬ፣ በፋሸታ፣ ማለትም በሚጠብቀው የብረት ቀለበት፣ ጥርቅም አድርጌ አሰርኩት። ጎበዝ ነኝ ብዬ ነበር።

አሥር ደቂቃ አልቆየም። መሪውን እስከ መጨረሻው ስጠመዝዘው ቱቦው ከፋሸታው ተፈናጥሮ ወጣና ሱሪዬን በቀይ ዘይት አጠበው። እናቴ ከሩቅ አይታ ደም መስሏት እየጮኸች መጣች። ፋሸታ ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያው በሚመለስበት ቱቦ ላይ ይሠራል፤ እዚያ ግፊቱ ትንሽ ነው። ግፊት በሚሸከመው ቱቦ ላይ ግን ጫፉ በማሽን የተጨመቀ ቱቦ እንጂ ሌላ አይሆንም። ይህን የተማርኩት በሱሪዬ ነው።

ያን ጊዜ ነው ጋሼን የጠራሁት። ዕድሜውን በምድር ባቡር ጋራዥ የጨረሰ ጡረተኛ ነው። ጋሼ እንለዋለን፣ ግን አንተ እያልን ነው። ድሬ እንዲህ ናት። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ በባጃጅ መጣ። ከ5 ሰዓት በኋላ ብረት አልነካም ብሎ አስቀድሞ ተናገረ፤ በዚያ ሙቀት እውነቱን ነው።

ሞተሩ እየሠራ ቱቦውን በእጄ ስዳብስ "ዋሪያ! እጅህን አንሳ!" ብሎ ጮኸብኝ። በመርፌ ቀዳዳ የሚወጣ ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል፣ እጅ ያስቆርጣል አለኝ። ካርቶን ቀዶ ሰጠኝ። ካርቶኑን በቱቦው አጠገብ ቀስ እያልክ ታሳልፋለህ፤ የሚረጭ ነገር ካለ ካርቶኑ ላይ ይታያል።

ከዚያ ገና ምንም ሳይፈታ አሳጠበኝ። መጀመሪያ በናፍታና በብሩሽ፣ ቀጥሎ በሳሙና። ሲደርቅ የልጄን ፓውደር ከቤት አስመጥቶ ፊቱን በሙሉ ነፋበት። ማሲው ሙሽራ መሰለ። ሞተሩን አስነስተን መሪውን ወዲያና ወዲህ አዞርነው። ጫፍ ላይ ግን ከጥቂት ሰከንድ በላይ ይዘህ አትቆይ፤ ግፊቱ የሚከብደው እዚያ ነው። በነጩ ፓውደር ላይ ሁለት ቀይ መስመር ወረደ። አንዱ ከቱቦው ጫፍ፣ ሌላው ከሲሊንደሩ ዘንግ መውጫ። ቱቦውን በደንቡ አስጨምቀን፣ የሲሊንደሩን ሲል፣ ዘይት እንዳያልፍ የሚከለክለውን የጎማ ቀለበት፣ ቀየርን። ጠብታ የለም። ደስ አለን፣ ጋሼም ሄደ።

በሳምንቱ ዘይቱ እንደገና ጎደለ።

መሬቱ ደረቅ ነው። ማታ ሥሩ ካርቶን አነጠፍኩ፣ ጠዋት ካርቶኑ እንደነበረ ነው። ስልክ ደወልኩለት።

"የሞተሩን ዘይት አይተኸዋል?" አለኝ።

"እሱማ ምንም አልጎደለም፣ ይህ ሞተር እኮ ዘይት አይበላም።"

ዝም አለ። "ሂድና ለካ" ብሎ ዘጋው።

መለኪያውን አውጥቼ ሳይ ዘይቱ ከሙሉው ምልክት በላይ ሁለት ጣት ቆሟል። ወር ሙሉ የሞተሬን ጤንነት ሳወራ የከረምኩት የመሪውን ዘይት እያጠጣሁት ነው ለካ! የዚህ ማሲ የመሪ ፖምፓ ቺንጊያ የለውም። የሚያዞረው የሞተሩ የፊት ጥርስ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው አንድ ኦይል ሲል ብቻ ነው። የሲሉ ከንፈር በሙቀትና በዕድሜ ሲደርቅ ዘይቱ ወደ ውጭ አይወጣም፤ በጥርሶቹ በኩል ወደ ሞተሩ ይወርዳል። ቀዩ ከጥቁሩ ጋር ሲቀላቀል ደግሞ በዓይን አይለይም። የሚያስፈራው የመሪው መክበድ አይደለም፤ የሞተሩ ዘይት መቅጠኑ ነው። እንዲህ ሆኖ ብዙ ቢሠራ ኩሺኔታዎቹን ይበላቸው ነበር።

ፖምፓውን ለማውረድ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ቡሎኖቹ የእንግሊዝ ናቸው፣ በኢንች። ጭንቅላቱ ግማሽ ኢንች የሆነ ቡሎን ላይ የ13 ሚሊሜትር ቁልፍ ይገባል፣ ግን ይዋልላል፤ አንዱን ጭንቅላቱን አክብቤ አበላሸሁት። ጋሼ በጨርቅ የተጠቀለሉ የኢንች ቁልፎች ነበሩት፣ እነሱን ባልዋስ ኖሮ ሁሉንም እጨርሳቸው ነበር።

አሮጌው ሲል ጀርባ ላይ ሦስት ቁጥር አለ፦ የውስጥ ስፋት፣ የውጭ ስፋት፣ ውፍረት። ያንን ይዤ ሄጄ አገኘሁት። ዋጋው የቱቦውን ሲሶ አይሞላም። የመጀመሪያውን በመዶሻ ስመታው ተጣመመና ተበላሸ። ሁለተኛውን በልኩ የሆነ የሶኬት ቁልፍ ደግፌ ቀስ ብዬ አስገባሁት፣ ከንፈሩን የመሪው ዘይት ወዳለበት አዙሬ። ዘንጉ ላይ አሮጌው ሲል የቦረቦረው ቀጭን መስመር ነበር። ጋሼ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰውና ሲሉን ጥቂት ጠለቅ አድርገን እንድናስቀምጠው አደረገ፤ ከንፈሩ አዲስ ቦታ ላይ እንዲያርፍ ነው። የማጠራቀሚያው ፊልትሮም ከሰል መስሎ ስለነበር ተቀየረ። የሞተሩን ዘይት ከነፊልትሮው ደፋን።

አየር ማውጣቱ ቀላል ነው። ፊቱን በክሪክ አንስተህ፣ ሞተሩ ሳይነሳ መሪውን ከጫፍ ጫፍ ቀስ ብለህ ታዞራለህ፤ ከዚያ በዝቅተኛ ዙር ትደግመዋለህ። ዘይቱ አረፋ መሥራት ሲያቆም ጨርሰሃል።

ለጋሼ ገንዘብ ስሰጠው "ሽንኩርቱ ሲደርስ አንድ ኩንታል" አለኝና በባጃጁ ሄደ።

ካርቶኑን ግን አላነሳሁትም። ትናንት ጠዋት አንድ ጠብታ አየሁበት። ቀይ አይደለችም፣ ወፍራም ቡናማ ናት፤ ከካምቢዮ ነው የመጣችው። እሷን ለክረምት አቆይቻታለሁ።