ቡጢን አፍንጫ ስር ማቆም

ማርሻል አርት ለህይወት ምን ይጠቅማል ሲባል ሁሌ የሚመጣው መልስ ጽናት ነው። ወድቀህ ተነስ፣ ተስፋ አትቁረጥ፣ ህመሙን ቻለው ምናምን፣ ቴሌግራም ላይ ጥቁር ቀበቶ የታጠቀ ሰው ፎቶ ስር የሚጻፈው በሙሉ ይሄ ነው። ጽናትን አልጠላም፣ ያስፈልጋል። ግን ጽናት ለመማር ቴኳንዶ ቤት መሄድ አያስፈልግም፣ እዚሁ ጅማ መርካቶ ገና ሳይነጋ ዝናብ ላይ ተቀምጠው ጎመንና ቃሪያ የሚሸጡ እናቶች አሉ፣ ከነሱ በላይ ጽኑ ሰው ማን አለ? እኔ ቴኳንዶ ላይ ያገኘሁት፣ ሌላ ቦታ ግን ያላገኘሁት ነገር ማቆም ነው። ሙሉ ጉልበትህን ያወጣህበትን ቡጢ ሰውዬው አፍንጫ ስር ስትደርስ ማቆም።

ላልሰለጠነ ሰው ቀላል ሊመስል ይችላል ስለዚህ ትንሽ ላስረዳ። እኛ የምንሰራው አይቲኤፍ (ኢንተርናሽናል ቴኳንዶ ፌዴሬሽን) የሚባለውን ነው፣ ኦሎምፒክ ላይ ያለው፣ ሰለሞን ደምሴ በ2013 ዓ.ም ቶኪዮ ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ የተጋጠመበት፣ ወርልድ ቴኳንዶ ነው፣ የሱ ህግ ለየት ይላል። አይቲኤፍ ላይ ጀማሪ ወደ ስፓሪንግ፣ ማለትም ወደ ልምምድ ፍልሚያ፣ የሚገባው በሶስት እርምጃ ነው፣ ሁለት ሰው ፊት ለፊት ይቆማል፣ ጎንበስ ብለው ሰላምታ ይሰጣጣሉ፣ ከዛ አንዱ ሶስት ጊዜ ወደፊት እየተራመደ ቡጢ ይሰነዝራል፣ ሌላው ሶስቴ ወደኋላ እያፈገፈገ ይከላከላል፣ በመጨረሻ ተከላካዩ አንድ መልስ ይመታል። ጉዳዩ ያለው እዛች የመጨረሻዋ ምት ላይ ነው። በፍጥነት መሄድ አለባት፣ ዳሌ መዞር አለበት፣ ትንፋሽ መውጣት አለበት፣ ከዛ ቆዳ ሳትነካ ቀጥ። ቀስ አርገህ ብትልካት ማስተር፣ አሰልጣኛችን ማለት ነው፣ ይቆጣል፣ አልመታህማ። ብትነካው ደግሞ የባሰ ይቆጣል።

በቀደም እኛ ጋ አንድ ረጅም ልጅ፣ ቀይ ቀበቶ ነው፣ ከጥቁር በፊት ያለው፣ ከአንዲት ትንሽ ገና ጀማሪ ቢጫ ቀበቶ ልጅ ጋ ተመደበ። ቁመቷ ደረቱ ጋ ቢደርስ ነው። የመጨረሻዋን ቡጢ ሲልካት ንፋሱ ይሰማል፣ የሂጃቧ ጫፍ ግንባሯ ላይ ንቅንቅ አለ፣ ልጅቷ ግን አይኗን አልጨፈነችም። ብዙ ስፓሪንግ አይቻለሁ ግን እንደዛ ደስ ያለኝ የለም። እሱ ጎበዝ ስለሆነ ብቻ አይደለም። እሷ አይኗን ያልጨፈነችው ከዛ በፊት ብዙ ጊዜ ስላቆመላት ነው፣ እምነት እንደዛ ነው የሚሰራው፣ በወሬ አይመጣም።

ይሄ ነገር ከቴኳንዶ ብቻ የመጣ አይደለም። ጁዶን የመሰረተው ጂጎሮ ካኖ በፈረንጆቹ 1882 ቶኪዮ ውስጥ አንድ ቤተ መቅደስ ግቢ 12 ምንጣፍ የምትሆን ክፍል ይዞ ሲጀምር በሙያው መምህር ነበር፣ በኋላ ደግሞ ሁለት መርሆ አስቀመጠ። አንደኛው ጉልበትህን በሚገባው ቦታ በሚገባው መጠን ተጠቀም የሚል ነው። ሁለተኛው አንተም ሌላውም አብራችሁ ተጠቀሙ የሚል። ሰው የመጀመሪያውን ይወደዋል፣ ውጤታማነት ምናምን ተብሎ ስልጠና ላይ ሁሉ ይነገራል፣ ሁለተኛውን ግን ማንም አያነሳውም። እኔ ሁለቱ የማይለያዩ ይመስለኛል። ጁዶ የምትማረው የሰው አካል ተበድረህ ነው፣ ጓደኛህ እስኪ ጣለኝ ብሎ ራሱን ይሰጥሃል፣ እሱን ሰብረኸው ብትሄድ ነገ ከማን ጋ ትሰራለህ? ለዛ ነው ጁዶ ላይ መጣል ከመማርህ በፊት መውደቅ የምትማረው። ለዛ ነው ካራቴን ከኦኪናዋ ወደ ቶኪዮ ያስገባው ፉናኮሺ ካራቴ ውስጥ ቀድሞ መምታት የለም ያለው። የኛም የመጀመሪያው ፓተርን (በቅደም ተከተል የሚሰራ የእንቅስቃሴ ስብስብ)፣ ቾንጂ የሚባለው፣ 19 እንቅስቃሴ አለው፣ አንደኛው እንቅስቃሴ ምት ሳይሆን ወደ ግራ ዞሮ ታች መከላከል ነው።

ወደ ኑሮ እንምጣ። እኔ የምሰራው ቡና መጋዘን ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ጀንፈል በጆንያ በጆንያ ይገባል፣ ገበሬው በአህያም በባጃጅም ያመጣዋል፣ እኛ እንመዝናለን፣ እርጥበቱን እናያለን። ጭቅጭቅ የማይነሳበት ቀን የለም። ሰውዬው አመት ሙሉ ለፍቶ ያመጣውን ቡና አንተ ገና እርጥብ ነው ስትለው ምን ይሰማዋል? አንድ ሽማግሌ ሚዛንህ ሌባ ነው ብለው ሰው ፊት ጮሁብኝ። እንግዲህ እዚህ ጋ ነው ስልጠናው የሚመጣው። ስፓሪንግ ላይ ሰው ቀጥታ ሲመጣብህ ቀጥታ ወደኋላ ከሸሸህ እየተከተለ ይመታሃል፣ ቀጥታ ወደፊት ከገባህ ትጋጫላችሁ፣ ስለዚህ ወደ ጎን ነው የምትወጣው፣ በግማሽ እርምጃ። እኔም ከሚዛኑ ጀርባ ወጥቼ እሳቸው ጎን ቆምኩ፣ ትከሻ ለትከሻ፣ ሁለታችንም ቁጥሩን ከአንድ በኩል እያየን፣ "አባባ እንደገና እንጫነው፣ እርስዎ ያንብቡልኝ" አልኳቸው። ያነበቡት ያው ቁጥር ነው። ፈገግ አላሉም፣ ይቅርታም አላሉም፣ ግን ጆንያውን አወረዱ፣ ሂሳባቸውን ተቀብለው ሄዱ። ሁሌ እንዲህ አይሳካም፣ ተሳድቦ ጭኖ ወደ ሌላ ነጋዴ የሚሄድም አለ፣ እሱም መብቱ ነው። ዋናው ነገር አንድ ሰው ከፊትህ ሆኖ ሲጮህ እና ከጎንህ ሆኖ ሲጮህ እንደማይገናኝ ነው፣ ጎንህ ከሆነ ሁለታችሁም የምታዩት አንድ ነገር ነው። ይሄን ቲዎሪ ብሎ የነገረኝ ሰው የለም፣ እግሬ ነው የሚያውቀው።

ደሞ እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያምታታው ነገር አለ። ማቆም ማለት መዋጥ አይደለም። እኛ አገር ሆድ ይፍጀው የሚባል ነገር አለ፣ ተበድለህ ዝም፣ ተከፍተህ ዝም፣ ከዛ ከስንት አመት በኋላ ለቅሶ ቤት ውስጥ ይፈነዳል። ይሄ ራስን መግዛት አይደለም። ማስተር ቀስ ያለችውን ቡጢ የሚቆጣው እኮ ለዚህ ነው፣ ያልወረወርከውን ነገር አቆምኩ ማለት አትችልም። ቅሬታ ካለህ ሳትቀንስ ሳታለሳልስ ትናገረዋለህ፣ "ይሄን አደረግክ፣ ጎድቶኛል፣ እንዲህ እንዲስተካከል እፈልጋለሁ" ትላለህ፣ ከዛ ሰውየው ማንነት ላይ፣ ዘሩ ላይ፣ እናቱ ላይ፣ ድሮ አምኖ የነገረህ ነገር ላይ ሳትደርስ ቀጥ ትላለህ። አጭር ርቀት ናት ግን ልዩነቱ ሁሉ እዛ ውስጥ ነው ያለው።

ከባዱ ቦታ ደግሞ መጋዘን አይደለም፣ ቤት ነው። ውጪ ያለ ሰው ጋርዱን፣ መከላከያ እጁን፣ አንስቶ ነው የሚመጣው፣ ብትናገረውም ብዙ አይደርስበትም። ሚስትህ፣ ወንድምህ፣ እናትህ ግን ጋርድ የላቸውም፣ የት ጋ እንደሚያማቸው ታውቃለህ፣ ራሳቸው ናቸው የነገሩህ። ስለዚህ እኔ ቤት ውስጥ ሲጋጋል የማደርገው አንድ ነገር ነው፣ መጀመሪያ ትንፋሼን አወጣለሁ። ምት ላይ ትንፋሽ የሚወጣው ጡንቻ እንዲታዘዝ ነው፣ ትንፋሹን ያፈነ ሰው እጁንም አፉንም ማቆም አይችልም፣ ሞክሩትና እዩት።

ይሄን ሁሉ የሚያስተምር አዳራሽ ደግሞ ሁሉም አይደለም። ወላጆች ልጄ ትምህርት ቤት እንዳይመታ ብለው ያመጣሉ፣ ይገባኛል። ግን አይቲኤፍ ላይ ልጁ ከሚምላቸው አምስት ነገሮች አንዱ ቴኳንዶን ያላግባብ አልጠቀምም ነው፣ እሷን ጮሆ ምሎ ሲወጣ በር ላይ ትንሹን ልጅ የሚኮረኩም ካለ ስልጠናው አልሰራም ማለት ነው። ትልልቆቹ ጀማሪዎቹን እንዲጠነክሩ በሚል ሰበብ የሚደበድቡበት ቤትም አለ። እዛ ልጃችሁን ካስገባችሁ አውጡት፣ እዛ የሚማረው አቅም ያለው ሰው አቅም የሌለውን መምታት እንደሚችል ብቻ ነው፣ እሱን ደግሞ ከመንገድ ላይም ይማረዋል።

እኛ ቤት ጥሩ የሚያደርገው ምን እንደሆነ ሳስብ ክረምት ነው ትዝ የሚለኝ። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ አዌቱ ወንዝ ሞልቶ፣ መንገዱ ጭቃ ሆኖ፣ የአዳራሹ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የማስተር ድምጽ አይሰማም። ሀና፣ ዱል፣ ሴት እያለ በኮሪያኛ አንድ፣ ሁለት፣ ሶስት ይቆጥራል፣ አፉ ሲንቀሳቀስ እናያለን እንጂ ምንም የለም። ያኔ ሁሉም ሰው በአይኑ ጥግ የጎረቤቱን ትከሻ ያያል፣ ትከሻው ሲነሳ እሱም ይነሳል፣ ጥቁር ቀበቶው ነጭ ቀበቶውን ይጠብቃል፣ ነጩ ጥቁሩን ይከተላል፣ ቆጣሪ ሳይኖር ፓተርኑ ከዳር እስከ ዳር አብሮ ያልቃል። ካኖ አብራችሁ ተጠቀሙ ያለው ይሄን ይመስለኛል።

መጀመር የምትፈልጉ ካላችሁ፣ ዕድሜ አያግድም፣ ወንድም ሴትም እንሰለጥናለን፣ የኛ ሰዓት ከመግሪብ በኋላ ነው። ሌላ ቤትም ከሆነ የምትገቡት ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ክፍለ ጊዜ ቁጭ ብላችሁ እዩ፣ ከፍ ያለ ቀበቶ ያለው ከነጭ ቀበቶ ጋ ሲሰራ ምቱ የት ጋ እንደሚያልቅ ብቻ ተመልከቱ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰርተፍኬት ተዉት። ጉልበት ወይ ወገብ የሚያማችሁ ካላችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ። ዶቦክ፣ የቴኳንዶ ልብስ፣ ለመግዛት አትቸኩሉ፣ መጀመሪያ ቱታና ካናቴራ ይበቃል፣ የእጅና የእግር ጥፍራችሁን ግን ቆርጣችሁ ኑ።