ጥቁርና ነጭ ወፍ በጠራራ ፀሐይ፦ ደረቱን ከመቃጠል እንዴት እንዳተረፍኩት

የመጀመሪያ ቀን ፎቶዎቼን ባሳያችሁ ትስቃላችሁ። ወፉ ጥቁርና ነጭ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ከውሃው በላይ አየር ላይ እየተርገበገበ ቀጥ ብሎ ይቆምና ድንገት ቁልቁል ይወረወራል። ለፎቶ የተፈጠረ ነው። ሰማዩም ጥርት ያለ ስለነበር «ብርሃን እንደሆነ ሞልቷል» ብዬ ተዝናንቼ ነው የሄድኩት። ቤት ገብቼ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ደረቱ ባዶ ወረቀት ሆኗል። ላባ የለ፣ ጥላ የለ። ከ300 በላይ አንስቼ የሚረባው አምስት አይሞላም።

ጥፋቱ የካሜራው ብቻ አይደለም፣ አመሉን ሳላውቅ አምኜዋለሁ። ካሜራ በአውቶማቲክ ሲሠራ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ መጎተት ይወዳል። ወፉ ከጠቆረ ውሃ ፊት ሲሆን «ጨልሟል» ብሎ ብርሃን ይጨምራል፣ ነጩ ይቃጠላል። ከፍ ብሎ ሰማዩ ከኋላው ሲመጣ ደግሞ «በዛ» ብሎ ይቀንሳል፣ ጥቁሩ ከሰል ይሆናል። ወፉ ግን ያው ወፍ ነው፣ ያረፈበትም ፀሐይ ያው ፀሐይ። የተቀየረው ከኋላው ያለው ብቻ ነው።

ስፖት ሜትሪንግ (ካሜራው ብርሃኑን ከአንዲት ትንሽ ነጥብ ብቻ የሚለካበትን ዘዴ) ሞከርኩ። ነጥቧ አንዴ ነጩ ላይ አንዴ ጥቁሩ ላይ ስታርፍ ተከታታይ ፎቶዎች እንኳ አንድ ዓይነት አልሆኑም፤ ተውኩት።

በመጨረሻ ማንዋል ገባሁ፤ ብርሃኑን ካሜራው ሳይሆን እኔው የምወስንበት ማለት ነው። መነሻዬ የፊልም ዘመን ሰዎች የሚጠቀሙበት ስሌት ነው፦ ጠራራ ፀሐይ ከሆነ አፐርቸሩን (የሌንሱን ቀዳዳ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) ኤፍ 16 አድርግ፣ ሻተሩን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ፣ በሴኮንድ) ደግሞ አንድ ሲካፈል ለአይኤስኦው (ካሜራው ብርሃን ምን ያህል እንደሚሰማው የሚያሳየው ቁጥር)። አይኤስኦ 400 ከሆነ ሻተሩ 1/400 ነው ማለት ነው። ይህ ለሚርገበገብ ክንፍ ስለሚዘገይ ወደ ኤፍ 8 እና 1/1600 ቀየርኩት፤ የሚገባው ብርሃን እኩል ነው። ለነጩ ስል ትንሽ ቀንሼ 1/2500 ላይ ቆምኩ። ወፉ እስኪመጣ ምን ላይ ልሞክረው? ነጭ ካልሲዬን አውልቄ ፀሐይ ላይ ዘረጋሁትና አነሳሁት (የሚያየኝ ሰው አለመኖሩ በጀኝ)። የተቃጠለውን ቦታ ብልጭ ድርግም እያደረገ የሚያሳየውን ማስጠንቀቂያ ከፍቼ፣ ብልጭታው እስኪጠፋ ሻተሩን አስተካከልኩ። ስክሪኑ በፀሐይ ስለማይታይ ጃኬቴን ራሴ ላይ ጣል አድርጌ ነበር።

ማንሳት በሮው (ካሜራው ሳያቀናብር በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) ነው። ብልጭታው የሚሰላው ከጄፔጉ (ካሜራው ራሱ አቀናብሮ ከሚያሳየው ምስል) ስለሆነ ሮው ትንሽ ተጨማሪ ቦታ አለው፣ አንድ ሁለት ነጥብ ብልጭ ቢል አልደነግጥም። ጨርሶ የተቃጠለ ነጭ ግን በምንም አይመለስም። የጨለመ ጥቁር ኋላ ኮምፒውተር ላይ ይነሳል፤ ዋጋው ትንሽ ፍርግርግታ፣ ማለትም ፎቶው ላይ የሚበተን ነጠብጣብ፣ ነው። ብቻ አታብዙት፤ ጥቁር ላባ ግራጫ ሲሆን ወፉ የታመመ ይመስላል።

ሰዓቱም ወሳኝ ነው። አሁን ጥላዬ ወደ ወፉ እስኪያመለክት ቦታ እቀያይራለሁ፣ በጠዋት። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአናት በላይ ስትሆን ዓይኑ ጥቁሩ ፊት ውስጥ ይጠፋል፤ ብርሃን የማይታይበት ዓይን ደግሞ ቀዳዳ ነው የሚመስለው። ከዚያ ላይ ከመሬትና ከውሃ የሚነሳው የሙቀት ሞገድ ሩቅ ያለን ነገር ሁሉ ያደበዝዛል። እኔ ይህን ሳላውቅ ሌንሴ ተበላሽቷል ብዬ ላስጠግነው ነበር!

ማንዋልም ጉድ ይሠራል። በሦስተኛው ቀን ወፉ ተወርውሮ ዓሣ ይዞ ሲወጣ ተከታትዬ ተኮስኩ። ለካ ደመና ፀሐይዋን ከሸፈናት ቆይቷል፣ እኔ ደግሞ ሻተሩን አልነካሁም። ፎቶው ድቅድቅ ያለ ነበር። በሮው ስላነሳሁት ብርሃኑን ከፍ አደረግኩት፤ ፍርግርግ አለ፣ የደረቱ ላባ ግን አንድ በአንድ ይቆጠራል። ያን ጊዜ ነው ደረቱ ላይ ያለውን ጥቁር መቀነት ልብ ያልኩት፤ አንድ ብቻ ነው፣ መሀሉ ላይ የተቆረጠ። ወንዱ ሁለት ነው ያለው። ሦስት ቀን ሙሉ «እሱ» እያልኩ ያሳደድኩት ለካ እሷ ናት።