በአሻንጉሊት የተሞላ አውቶቡስ

በፈረንጆቹ ግንቦት 2022 ከሜሪላንድ ወደ ኒውዮርክ የሄድኩት አሻንጉሊት ለማየት ነው። ጓደኞቼ ሲሰሙ “ለልጅሽ ነው?” አሉኝ። ለራሴ ነው። አብረን የምንሠራ አንዲት ትልቅ ሴት፣ ጥቁር አሜሪካዊት፣ ለብዙ ዓመታት ጥቁር አሻንጉሊቶችን ሲሰበስቡ ኖረዋል። እንደሳቸው ከሚሰበስቡ ሴቶች ጋር አውቶቡስ ተከራይተው ስለነበር እኔንም ጨመሩኝ።

ገና ባልቲሞርን ሳናልፍ ቦርሳዎች ተከፈቱ። ሁሉም ከቤታቸው አንዳንድ አሻንጉሊት ይዘው መጥተዋል። አሻንጉሊቶቹ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ አውቶቡሱን ከፊት እስከ ኋላ ዞሩት። ሰብሳቢ መጀመሪያ ምን እንደሚያይ የተማርኩት እዚያ ነው። ፀጉሯን ገለጥ አድርገው ማጅራቷን ያያሉ፤ የፋብሪካው ስምና ዓመት ብዙ ጊዜ እዚያ ነው ያለው። ቀጥሎ ጆሮዋን ያያሉ። በድሮ ባርቢዎች ላይ የጉትቻው ብረት ፕላስቲኩን አረንጓዴ ያደርገዋል። ጀርባዋ ላይ 1966 የሚል ስላለ ብቻ የ1966 ናት ብሎ መግዛትም አይገባም። እሱ ቅርጹ የተመዘገበበት ዓመት ነው፤ አሻንጉሊቷ ብዙ ቆይታ የተሠራች ልትሆን ትችላለች።

ከሁሉም በላይ ግን ወሳኙ ፊቷ ነው። የባርቢ ሠሪው ማቴል በ1967 የባርቢን የአክስት ልጅ ፍራንሲን በጥቁር ሲያወጣ የነጯን ፍራንሲ ቅርጽ ወስዶ ቀለሙን ነው የቀየረው። አፍንጫው ያው፣ ከንፈሩም ያው። በዓመቱ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሺንዳና የሚባል ፋብሪካ ተቋቋመ። በ1965 በከተማዋ የጥቁሮች ሰፈር በዋትስ የተነሳው አመፅ ካለፈ በኋላ ጥቁሮች ለራሳቸው ሰፈር ሥራ ለመፍጠር ያቆሙት ነው። ማቴልም ረድቷቸዋል። የመጀመሪያዋ አሻንጉሊታቸው ቤቢ ናንሲ ከማንም የተዋሰችው ፊት የላትም። አንዷ ተሳፋሪ የራሷን ናንሲ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። ጉንጯ ሞላ ያለ፣ ፀጉሯ አጭር ጎፈሬ። ሴትየዋ በልጅነቷ ለገና የተገዛችላት ናት፤ እናቷ ሱቅ ውስጥ መጀመሪያ ሲያዩዋት እንዴት በደስታ እንደጮኹ ስትነግረኝ ራሷም ድምጿ ከፍ አለ። ፋብሪካው በ1983 ተዘጋ። ለእነዚህ ሴቶች ግን ሺንዳና ማለት ዛሬም የእኛ የሚሉት ነገር ነው።

ልናየው የሄድነው የጥቁር አሻንጉሊቶች ዐውደ ርዕይ የነበረው ሴንትራል ፓርክ አጠገብ ባለው በኒውዮርክ ታሪክ ማኅበር ሙዚየም ነው። ዴቦራ ኔፍ የተባሉ ሰብሳቢ ያከማቿቸው፣ ከ1850 እስከ 1940 ባሉት ዓመታት በእጅ የተሰፉ ከ100 በላይ የጨርቅ አሻንጉሊቶች ተደርድረዋል። አብዛኞቹን የሰፏቸው ጥቁር ሴቶች ናቸው ተብሎ ይታመናል፤ የብዙዎቹ ስም ግን አልተመዘገበም። ሁለት ራስ ያላቸው አሻንጉሊቶችም አሉ። ወገባቸው ላይ ይገናኛሉ፤ ቀሚሱን ስትገለብጪው ነጯ ትሸፈንና ጥቁሯ ትወጣለች። አብረው በቀረቡት የድሮ ፎቶዎች ላይ ደግሞ ነጭ ልጆች ጥቁር አሻንጉሊት አቅፈው ይታያሉ። ይህን ማየት ከባድ ነው። ቢሆንም አብረውኝ የመጡት ሴቶች ፊታቸውን አላዞሩም፤ ተጠግተው ስፌቱን ያያሉ፣ ይከራከራሉ።

እኔ ብዙ የቆምኩት ሃሪየት ጃኮብስ የሰፋቻቸው ሦስት አሻንጉሊቶች ፊት ነው። ሃሪየት ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ በባርነት ተወለደች። ከጌታዋ ለማምለጥ አያቷ ቤት ጣሪያ ሥር፣ ቀጥ ብሎ መቆም በማይቻልበት ጠባብ ቦታ፣ ሰባት ዓመት ገደማ ተደበቀች። በ1842 ወደ ሰሜን አመለጠች። ኒውዮርክ ውስጥ ዊሊስ በሚባሉ ቤተሰቦች ቤት ልጆች ስታሳድግ ነው እነዚህን የሰፋችው። ለሌላ ሰው ልጆች! የራሷን ልጆች ለዓመታት በጣሪያው ቀዳዳ ብቻ ስታይ የኖረች ሴት ናት። የስፌቱን ጥንቃቄ እያየሁ ልቤ ተነካ። አብረውኝ የቆሙት ሴቶችም ዝም አላሉም፤ ታሪኳን እየተቀባበሉ ለሌሎች ጎብኚዎች ማስረዳት ጀመሩ።

ምሳ ፓርኩ ውስጥ በላን። ከአገርሽስ ምን አለ ብለው ጠየቁኝ። እኔ አዲስ አበባ ሳድግ የማውቃት አሻንጉሊት ፀጉሯ ቢጫ፣ ዓይኗ ሰማያዊ ነበር። ግን ጎንደር አጠገብ ያለችው ወለቃ ትዝ አለችኝ። የቤተ እስራኤል ሴቶች ከሸክላ ትንንሽ ሰዎችን እየሠሩ መንገድ ዳር ይሸጡባት የነበረች መንደር ናት። አብዛኞቹ ዛሬ እስራኤል ናቸው። ይህን ስነግራቸው የጥያቄ መዓት ወረደብኝ፦ ጭቃው ከየት ይመጣል፣ እንዴት ይተኮሳል፣ ሳይሰበር በፖስታ ይላካል ወይ።

ከሰዓት ሃርለም 125ኛ ጎዳና ወረድን። የሥነ ልቦና ምሁራኑ ኬኔትና ሜሚ ክላርክ ለጥናታቸው አሻንጉሊት የገዙት እዚህ ከነበረ የዉልዎርዝ ሱቅ ነው። አሻንጉሊቶቹ ከቀለማቸው በቀር አንድ ዓይነት ነበሩ። ጥቁር ልጆች የቷ ጥሩ ናት ተብለው ሲጠየቁ ብዙዎቹ ነጯን መረጡ። ጥናቱ በ1954 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የትምህርት ቤት መድሎን ሕገ ወጥ ሲል ከተጠቀሱት ማስረጃዎች አንዱ ሆነ። የሥራ ባልደረባዬ ያን ጊዜ በጥቁሮች ትምህርት ቤት ይማሩ ነበር። መሰብሰብ የጀመሩት የመጀመሪያ ደመወዛቸውን ሲቀበሉ ነው። ለልጃቸው አይደለም፤ ያኔ አልወለዱም። በልጅነታቸው ላላገኟት ነው።

ስንመለስ ገበያው ደራ። አንዷ የተደገመባትን ትለውጣለች፣ ሌላዋ የጎደለ ጫማ ትፈልጋለች። በ1980 የወጣችው ቀይ ቀሚስ የለበሰች ጥቁር ባርቢ፣ ኪቲ ብላክ ፐርኪንስ የነደፈቻት፣ ሁለት ሰው ተሻማባት። ቀጣዩ ጉዞ ሮቸስተር ነው። እዚያ ያለው ስትሮንግ ሙዚየም በ2020 ቤቢ ናንሲን በአሻንጉሊቶች የክብር መዝገብ ውስጥ አስገብቷታል። ተመዝግቤያለሁ። ባዶ እጅ መሄድ ስለማይሆን ጎንደር ላለችው አክስቴ ደውዬ፣ ልጇን ያዘለች የሸክላ ሴት ፈልጊልኝ ብያታለሁ። በጥጥ ጠቅልላ፣ ሰው ስታገኝ ትልክልኛለች።