ኢንተራክቲቭ ገጽ ውስጥ ያለ ጽሁፍ ሰርች ላይ እንዴት ይገባል? እስካሁን የደረስኩበት

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን የማጠናው ነገር እየተነካካ የሚከፈት ይዘት፣ ማለትም አኒሜሽን፣ የሚንቀሳቀስ ዲያግራም፣ ስላይድ ምናምን ውስጥ የተጻፈ ጽሁፍ ሰርች ኢንጅን እንዴት እንደሚያገኘው ነው። በጣም ወድጄዋለሁ፣ የገባኝን ላካፍላችሁ፣ በዚህ መንገድ ላይ ያላችሁ ትጠቀሙበታላችሁ ብዬ።

ፕሮጀክቴ የሰው ልብ እንዴት እንደሚሰራ የሚያሳይ ገጽ ነው። ስዕሉ ላይ ክፍሎቹን ስትነኩ የየራሳቸው ማብራሪያ ይከፈታል፣ ደሙ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ እየተንቀሳቀሰ ይታያል። ማብራሪያዎቹን በጥንቃቄ ነው የጻፍኳቸው፣ ሰው የልብ ቫልቭ ምን እንደሚሰራ ሲፈልግ እንዲደርስበት እፈልጋለሁ፣ ስለዚህ ዝም ብሎ ቢያምር ብቻ አይበቃኝም።

መጀመሪያ መሰረቱ። እኛ አንድ ቃል ጽፈን ስንፈልግ ሰርች ኢንጅኑ በዛች ሰከንድ ድረ ገጾችን እየዞረ አያነብም፣ ቀድሞ ያዘጋጀው መዝገብ አለው፣ ልክ መጽሐፍ መጨረሻ ላይ እንዳለ የቃላት ማውጫ እያንዳንዱ ቃል ስር ቃሉ ያለባቸው ገጾች ተመዝግበዋል። እዛ መዝገብ ውስጥ ለመግባት ጽሁፉ በፊደልነቱ መነበብ አለበት። ለአይን ፊደል መምሰሉ አይበቃም፣ ኮምፒውተሩ ጋ ፊደል ሆኖ መቀመጥ አለበት። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ መነሻው ይሄ ነው።

ነገሩ በደንብ የገባኝ ወደ ኋላ ሄጄ የፍላሽን ታሪክ ሳጠና ነው። ፍላሽ ድሮ አኒሜሽንና ጌም ድረ ገጽ ላይ የሚሰራበት የአዶቤ ኩባንያ ቴክኖሎጂ ነው፣ ዛሬ የለም፣ አዶቤ ድጋፉን ያቆመው በ2020 መጨረሻ ላይ ነው፣ ግን ስለ ኢንተራክቲቭ ይዘት ዛሬ የምንጠይቀው ጥያቄ አብዛኛው እዛ ቀድሞ ተጠይቋል። የፍላሽ ፋይል የተጠናቀረ ባይነሪ፣ ማለትም ለማሽን እንጂ ለሰው ንባብ ያልተዘጋጀ ፋይል ነው፣ ጽሁፉም ሁሌ እንደ ጽሁፍ አይቀመጥም። ቋሚ የሚባለው ጽሁፍ የሚቀመጠው በቅርጽ ቁጥር ነው፣ ማለትም ፋይሉ የሚለው "የዚህን ፎንት 14ኛ ቅርጽ እዚህ ጋ ሳል" ነው እንጂ "ሀ ጻፍ" አይደለም፣ ፊደሉን መልሶ ለማግኘት ፎንቱ ውስጥ ያለውን የቅርጽና የፊደል ማዛመጃ ሰንጠረዥ ማየት ያስፈልጋል። ዲዛይነሩ ደግሞ ጽሁፉን ሰብሮ ወደ ቅርጽ ከቀየረው በቃ መስመርና ቀለም ብቻ ነው የሚቀረው፣ ማንም ፕሮግራም ከፋይሉ ውስጥ ቃል አያወጣም።

በ2008 ክረምት መግቢያ ላይ አዶቤ ለጎግልና ለያሁ ለዚሁ ጉዳይ የተዘጋጀ የፍላሽ ማጫወቻ ሰጣቸው። ይሄ ማጫወቻ ስክሪን ላይ ምንም አያሳይም፣ ግን ፋይሉን ከፍቶ እንደ ሰው በተኖቹን እየተጫነ፣ ከአንዱ ሁኔታ ወደ ሌላው እየተሸጋገረ፣ በየደረጃው የሚመጣውን ጽሁፍና ሊንክ ይሰበስባል። እኔን በጣም ያስገረመኝ ይሄ ነው፣ ማሽኑ በተን ሲጫን! ሆኖም ያኔ ሲጀመር ገደቦች ነበሩት፣ ምስል ሆኖ የገባ ጽሁፍ አይነበብም፣ የፍላሽ ቪዲዮ ፋይል ውስጥ ጽሁፍ ስለሌለ ከሱ የሚገኝ ነገር የለም፣ ፋይሉ ገጹ ላይ የሚጫነው በአንዳንድ የጃቫስክሪፕት (ብራውዘር ውስጥ የሚሰራ የፕሮግራም ቋንቋ) አይነቶች ከሆነ ላይገኝ ይችላል፣ ከቀኝ ወደ ግራ በሚጻፉ ቋንቋዎች ላይም ችግር ነበር። ከውጭ የሚጫን ፋይል፣ ለምሳሌ ጽሁፉን የያዘ ኤክስኤምኤል፣ ለብቻው እንጂ የፍላሹ አካል ሆኖ አይቆጠርም ነበር፣ እሱን ጎግል በ2009 አሻሻለው።

ግን ጽሁፉ ቢነበብም አንድ የማይፈታ ነገር ቀርቶ ነበር፣ አድራሻ። ሙሉ ሳይቱ አንድ የፍላሽ ፋይል ከሆነ ሃያ ክፍል ቢኖረውም አድራሻው አንድ ነው፣ ሰው አስራ ሰባተኛው ክፍል ላይ ያለ ቃል ፈልጎ ሊንኩን ሲነካ የሚደርሰው መግቢያው አኒሜሽን ላይ ነው፣ ከዛ የፈለገውን ራሱ እየቆፈረ ማግኘት አለበት። በኔ እይታ የፍላሽ ትልቁ የሰርች ችግር ይሄ ነበር፣ ከመነበብ አለመነበቡ ይልቅ።

እና ዛሬስ? ዛሬ ይዘቱ በጃቫስክሪፕት ነው የሚሰራው። ጎግል ገጹን መጀመሪያ ያወርደዋል፣ ከዛ ወረፋ ያስገባውና ተራው ሲደርስ ስክሪን በሌለው ክሮሚየም (ክሮም የተሰራበት ብራውዘር) ከፍቶ ጃቫስክሪፕቱን ያስኬዳል፣ በመጨረሻ ተሰርቶ የወጣውን ኤችቲኤምኤል፣ ማለትም የገጹ ይዘት የሚጻፍበትን ኮድ ያነባል። ይሄ ሬንደር ማድረግ ይባላል። ከ2019 ጀምሮ ይሄ ብራውዘር በየጊዜው እየታደሰ የሚሄድ ሆኗል፣ ከዛ በፊት ክሮም 41 ላይ ቆሞ ስለነበር አዳዲስ ኮድ ይሰበርበት ነበር። ቢንግም በዛው አመት የራሱን ቦት፣ ማለትም ገጾችን እየዞረ የሚያነብ ፕሮግራሙን፣ በተመሳሳይ መንገድ ማደስ ጀምሯል።

እዚህ ጋ ግን ልብ በሉ፣ የዛሬው ቦት ገጹን ይከፍታል እንጂ አይነካካም። ክሊክ አያደርግም፣ ስክሮል አያደርግም። የፍላሹ ማጫወቻ በተን ይጫን ነበር፣ የዛሬው ጎግልቦት (የጎግል ቦት) አይጫንም። ስክሮል ባያደርግም መስኮቱን በጣም ረዥም አድርጎ ነው የሚከፍተው፣ ስለዚህ እይታ ውስጥ ሲገባ የሚጫን ይዘት ብዙ ጊዜ ይገኛል፣ ስክሮል መደረጉን ጠብቆ የሚጫን ከሆነ ግን አይገኝም። ፈቃድ ስትጠይቁት፣ ካሜራ ይሁን ሎኬሽን፣ እምቢ ይላል። ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው ሲሄድ ኩኪና ብራውዘሩ ውስጥ የተቀመጠ ዳታ አይዝም። በዌብሶኬት፣ ማለትም ከሰርቨር ጋር ክፍት ሆኖ በሚቆይ ግንኙነት የሚመጣ ዳታም አይደርሰውም፣ ተራ የኤችቲቲፒ ጥያቄ ብቻ ነው የሚያውቀው።

ይሄን ካወቅኩ በኋላ የልቡን ዲያግራም በተለያየ መንገድ ሰርቼ አወዳደርኩ። ካንቫስ (ኮድ ስዕል የሚስልበት የገጹ ክፍል) ላይ የተጻፈ ጽሁፍ ፒክሰል ነው፣ ኮዱ ውስጥ "ይሄን ቃል ጻፍ" ብላችሁ ብታዙም ውጤቱ ቀለም የተቀባ ነጥብ ስለሆነ ገጹ ውስጥ ፈልጉ ቢባል ብራውዘሩ ራሱ አያገኘውም። ዌብጂኤል (ብራውዘር ውስጥ ሶስት አውታር ግራፊክስ የሚሳልበት ዘዴ) ላይ የተሰራ ከሆነ ደግሞ ጎግልቦት ጭራሽ አይደግፈውም። ፍላተርን (የጎግል መተግበሪያ መስሪያ) ለድረ ገጽ የምትጠቀሙም ይሄን አስቡበት፣ ስክሪኑን የሚስለው ካንቫስ ላይ ነው፣ የፍላተር ሰነድ ራሱ ጽሁፍ ለበዛበት ገጽ ተራ ኤችቲኤምኤል ይመክራል።

ኤስቪጂ፣ ስዕልን በፒክሰል ሳይሆን በጽሁፍ ኮድ የሚገልጸው የፋይል አይነት፣ ሌላ ነው። ገጹ ውስጥ በቀጥታ የተጻፈ ኤስቪጂ ጽሁፉ እንደማንኛውም አንቀጽ ይነበባል፣ ጎግል ኤስቪጂን ኢንዴክስ ማድረግ (መዝገቡ ውስጥ ማስገባት) የጀመረው በ2010 ነው። ነገር ግን ከዲዛይን ፕሮግራም ኤክስፖርት ሲደረግ ጽሁፉ ወደ ቅርጽ እንዲቀየር የሚል ምርጫ አለ፣ ፎንት እንዳይበላሽ ተብሎ ብዙ ሰው እሱን ይመርጣል፣ ያኔ ፍላሽ ላይ ጽሁፉን ሰብሮ ቅርጽ ማድረግ የሚባለው ነገር በሌላ ፋይል ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ኤስቪጂውን ፋይል አድርጋችሁ እንደ ምስል ካስገባችሁትም ውስጡ ያለው ጽሁፍ የገጹ ጽሁፍ አይደለም፣ አማራጭ ጽሁፍ ማለትም አልት መጻፍ ያስፈልጋል።

አሁን የያዝኩት መንገድ ስዕሉን ኤስቪጂ፣ የክፍሎቹን ስም በውስጡ ጽሁፍ፣ ረዣዥሙን ማብራሪያ ደግሞ ተራ ኤችቲኤምኤል አድርጎ ከመጀመሪያው ገጹ ላይ ማስቀመጥ ነው፣ ሲነካ የሚለወጠው መታየቱ ብቻ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል ግን ሁሉም ነገር እዚህ ላይ ነው ያለው፦ ታብ ስር ተደብቆ ኤችቲኤምኤሉ ውስጥ ያለ ጽሁፍ ይነበባል፣ ታቡ ሲነካ ከሰርቨር የሚመጣ ጽሁፍ ግን ለቦቱ የለም። አንዳንድ ሰው ካንቫሱን እንዳለ ትቶ ለሰርች ብቻ የተደበቀ ጽሁፍ ከጀርባ ያስገባል፣ እኔ አልመክርም፣ ሰው የማያየውን ለማሽን ብቻ ማሳየት የጎግልን ህግ ሊጥስ ይችላል፣ ደግሞ ለተጠቃሚውም ምንም አይጨምርም። ካንቫስ የግድ ከሆነባችሁ መለያ ጽሁፎቹን ከላዩ ላይ ተደራርቦ በሚቀመጥ ኤችቲኤምኤል ጻፉ፣ ይታያልም ይነበባልም። ስክሪን ሪደር ለሚጠቀም አይነ ስውርም ገጹ የሚከፈተው በዚሁ መንገድ ነው፣ ለኔ ይሄ ከሰርቹ እኩል ያሳስበኛል።

አድራሻውን በተመለከተ፣ ለየክፍሉ የራሱ አድራሻ ሰጥቻለሁ። ከሃሽ (#) ምልክት በኋላ ያለው የአድራሻ ክፍል ለጎግል ለብቻው ገጽ ሆኖ አይቆጠርም። ድሮ ሃሽና ቃለ አጋኖ አንድ ላይ ተደርጎ የሚሰራበት ዘዴ ጎግል በ2009 አቅርቦ ነበር፣ በ2015 ግን እንዳትጠቀሙበት ብሏል። አሁን ሂስትሪ ኤፒአይ በሚባለው የብራውዘር መሳሪያ አድራሻውን በትክክል መቀየር ይቻላል፣ ሰርቨሩም ያንን አድራሻ በቀጥታ ሲጠየቅ የዛን ክፍል ገጽ መመለስ አለበት። ክፍሎቹን የሚያገናኙት ደግሞ እውነተኛ ሊንኮች ይሁኑ፣ አድራሻቸው የተጻፈ፣ ምክንያቱም ቦቱ በተን ስለማይጫን መንገዱን የሚያገኘው በዋናነት በሊንክ ነው።

ለማረጋገጥ ቀላሉ ነገር ገጹን ከፍቶ ምንም ሳይነኩ የብራውዘሩ ዴቭቱልስ (የፕሮግራመሮች መሳሪያ) ውስጥ ኤለመንትስ ላይ ገብቶ ከማብራሪያው አንድ ዓረፍተ ነገር መፈለግ ነው። ከሌለ ቦቱም አብዛኛውን ጊዜ አያገኘውም። ካለ ቀጥሎ የገጹን ሶርስ (ከሰርቨር እንደመጣ ያለውን ኮድ) ክፈቱና እዛም ፈልጉት፣ ኤለመንትስ ላይ ኖሮ ሶርሱ ላይ ከሌለ በጃቫስክሪፕት ነው የመጣው፣ ጎግል ሊያየው ይችላል ግን ሬንደር እስኪደረግ ይጠብቃል፣ ጃቫስክሪፕት የማያስኬዱ ሌሎች ቦቶች ደግሞ አያዩትም። ስለዚህ እኔ ዋናው ጽሁፍ ከሰርቨር ተጽፎ እንዲመጣ አድርጌያለሁ። የሳይቱ ባለቤት ከሆናችሁ ሰርች ኮንሶል (ጎግል ለሳይት ባለቤቶች ያዘጋጀው መሳሪያ) ውስጥ ያለው የዩአርኤል መመርመሪያ ጎግል ሬንደር ያደረገውን ኤችቲኤምኤል ራሱን ያሳያችኋል፣ ከግምት ያወጣችኋል። ቦት የትኛውን ፎልደር እንዳይነካ የሚነግረውን ሮቦትስ ፋይላችሁንም እዩት፣ የጃቫስክሪፕት ወይም የጄሰን (የዳታ) ፋይሎቹ ያሉበት ፎልደር ከተከለከለ ቦቱ በነሱ የሚመጣውን ይዘት አያየውም።

አሁን ያለሁት ቪዲዮው ላይ ነው። የልብ ምቱን የሚያስረዳ አጭር ቪዲዮ አለኝ፣ የግርጌ ጽሁፉን በቪቲቲ (የቪዲዮ ግርጌ ጽሁፍ የሚቀመጥበት) ፋይል አዘጋጅቻለሁ፣ ግን እሱ ከገጹ ውጪ ያለ ፋይል ስለሆነ ሙሉ ንግግሩን ከቪዲዮው ስር እንደ ተራ አንቀጽ እያስገባሁት ነው፣ ስትራክቸርድ ዳታውን፣ ማለትም ይዘቱን ለሰርች ኢንጅን የሚገልጸውን ኮድ፣ ደግሞ የቪዲዮውን ርዕስ፣ መግለጫ፣ የወጣበትን ቀንና የትኛው ደቂቃ ላይ ስለምን እንደሚወራ እንዲናገር አድርጌ እየጻፍኩ ነው። ከዛ ቀጥሎ የሚመጣው የሚሽከረከረው የልብ ሞዴል ነው፣ እሱ ዌብጂኤል ስለሆነ መለያ ጽሁፎቹን ከላዩ በኤችቲኤምኤል ላስቀምጥ አስቤያለሁ፣ ሞዴሉ ሲዞር አብረው እንዲዞሩ ማድረግ የሞከራችሁ ካላችሁ እንዴት እንዳደረጋችሁት ጻፉልኝ።