የጭቃ ቤት የሚታመመው ከእግሩ ነው

የጭቃ ቤት ሲያዘነብል ሰው ጭቃውን ይወቅሳል። ጭቃው ግን ልብስ ነው፤ ጣራውን የተሸከሙት ቋሚዎቹ ናቸው። የድሮ የደጋ ጎጆ ዕድሜው የረዘመውም ቋሚው ጽድ ወይም ወይራ ስለነበር ነው፤ ምስጥ ቶሎ አይደፍራቸውም። በአፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ግን ቶሎ ስለሚደርስና ቀጥ ስለሚል ቦታቸውን ወሰደ። አፈር ውስጥ ሲገባ ደካማ ነው።

ቋሚ የሚበሰብሰው ከመሬቱ ወለል አንድ ስንዝር ወደ ላይና ወደ ታች ባለው ክፍል ነው። እርጥበትም አየርም እኩል የሚያገኘው እዚያ ነው፤ ጥልቁ አየር ያንሰዋል፣ ላይኛው ደግሞ ይደርቃል። ለመመርመር ከሥር ያለውን ጭቃ ትንሽ ፈልፍሎ ቢላዋ መውጋት ይበቃል። ቢላዋው ያለ ትግል ከገባ ያ ቋሚ አልቋል፤ ላይ ላዩ ደህና ቢመስልም እንዳያታልላችሁ።

ሲጠገን አንድ በአንድ ነው። መጀመሪያ ወጋግራውን፣ ማለትም የጣራውን ተሸካሚ እንጨት፣ በድጋፍ ማቆም፣ ከዚያ የበሰበሰውን እግር ቆርጦ ቀሪውን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ማሳረፍ። ብዙዎች ዙሪያውን ሲሚንቶ ይሞሉበታል። ይህ የከፋ ስሕተት ነው፤ እንጨቱ ደርቆ ሲኮማተር በመሃል ክፍተት ይፈጠራል፣ ውሃ ይገባል፣ መውጫ ግን የለውም።

በቋሚዎቹ ላይ አግድም የሚሄደውን ማገር በሚስማር መምታትም አልወድም። እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሚስማሩም ይላላል። ልጥ፣ ማለትም የዛፍ ልጣጭ ማሰሪያ፣ ግን አብሮ ይንቀሳቀሳል። የሚታሰረው ረጥቦ ነው፤ ደረቁ ሲታጠፍ ይበጠሳል።

ክዳኑን በተመለከተ መንዞች ጓሳ የሚባል ሣር አላቸው፤ ሌላው ቦታ ሰንበሌጥ ሣር። የምድጃው ጭስ ሣሩንም እንጨቱንም ከተባይ ይጠብቃል፤ እሳት የማይነድበት ጎጆ ቶሎ የሚያረጀው ለዚህ ነው። ከፈፉ፣ የክዳኑ ጠርዝ፣ ከግድግዳው ወደ ውጭ ቢያንስ ክንድ ያህል ካልወጣ የጣራው ጠፈጠፍ በቀጥታ ቋሚው እግር ሥር ያርፋል፤ ጥገናውም ከንቱ ይሆናል።

ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ፣ በየቀኑ እየተረገጠ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይሰንብት። ጭዱ ካነሰ ወይም ሳይብላላ ከተመረገ እንደ ደረቀ ኩሬ ይሰነጠቃል። የላይኛው ማለስለሻ ልስን የሚመጣው የመጀመሪያው ጭቃ፣ ምርጊቱ፣ ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ከመስቀል በኋላ መጀመር ይሻላል። ቸኩሎ እርጥቡ ላይ የተለሰነ በክረምት ቅርፊት በቅርፊት ይወርዳል።