አኦርታ ሲሰነጠቅ ደረት መክፈት የግድ ነው?

የምሠራው አሜሪካ ውስጥ በልብ ቀዶ ጥገና ክፍል ነው፣ ነርስ ነኝ። አኦርታው የተሰነጠቀ ሰው ሲመጣ ቤተሰብ ቶሎ ብሎ የሚጠይቀው፣ «ደረቱን ከመክፈት በብሽሽቱ በኩል ስቴንት ቢገባለትስ?» የሚል ነው። ስቴንት ቧንቧን ከውስጥ ደግፎ የሚይዝ ቱቦ ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱን የሚወስነው ስንጥቁ ያለበት ቦታ ነው።

አኦርታ ከልብ የሚነሳው ትልቁ የደም ቧንቧ ነው። የግድግዳው የውስጠኛ ሽፋን ሲቀደድ ደም በግፊት ገብቶ ሽፋኖቹን እየለያየ ይሄዳል። ብዙ ጊዜ መነሻው ለዓመታት ያልታከመ የደም ግፊት ነው።

ስንጥቁ ከልብ ወደ ላይ በሚወጣው ክፍል ከሆነ ሐኪሞች «ታይፕ ኤ» ይሉታል፤ ይሄ ለነገ የሚባል አይደለም። ደም ልብን በከበበው ከረጢት ውስጥ ሊፈስና ልብን ሊያፍን ይችላል። ስቴንት እዚህ ጋ የሚይዝበት በቂ ቦታ አያገኝም፤ ከታች ከልብ ደም የሚወጣበት በር የሆነው ቫልቩና ልብን የሚመግቡት ቧንቧዎች አሉ፣ ከላይ ደግሞ ወደ ጭንቅላት የሚሄዱት።

ስለዚህ ደረት ይከፈታል። የልብና የሳንባን ሥራ ማሽን ይረከባል፣ ሰውነት ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ የደም ዝውውሩ ለተወሰነ ጊዜ ይቆማል፤ በዚያ ሰዓት አንጎል ብቻ በብብት አካባቢ ባለ ቧንቧ በኩል ደም እንዲያገኝ ይደረጋል። ማሽኑን የሚቆጣጠረው ባለሙያ ደቂቃውን ጮክ ብሎ ይጠራል። የተጎዳው ክፍል ተቆርጦ ዳክሮን በሚባል ጨርቅ የተሠራ ቱቦ ይተካል። የተሰነጠቀ አኦርታ እንደ ረጠበ ወረቀት ነው፣ ክሩ ራሱ ይቀደዋል፤ ለዚህ ነው ስፌቱ በቴፍሎን ቁራጭ የሚደገፈው።

ቫልቩ ደህና ከሆነ ወደ ቦታው ይመለሳል። ሥሩ፣ ማለትም ቫልቩ ያለበት የአኦርታው መነሻ፣ ከተበላሸ ቫልቩም ሥሩም አብረው ይቀየራሉ፣ ቤንታል ይባላል። ወጣት ከሆነና ቫልቩ ጤነኛ ከሆነ፣ ልምድ ያለው ሐኪም ሥሩን ብቻ ቀይሮ ቫልቩን ሊያተርፍለት ይችላል። ስንጥቁ ቅስቱ ላይ፣ ማለትም አኦርታው ወደ ታች በሚታጠፍበት ቦታ፣ ከደረሰ ቅስቱ በሙሉ ሊቀየር ይችላል፣ ሥራው ግን በጣም ይከብዳል። እኔ የማምነው መጀመሪያ ሰውየውን በሕይወት ከጠረጴዛው ማውረድ ይቅደም ብለው ከሚሠሩት ጋር ነው፤ የቀረው በኋላ ይደረስበታል።

ስንጥቁ ወደ ታች በሚወርደው ክፍል ብቻ ከሆነ፣ «ታይፕ ቢ» ማለት ነው፣ መጀመሪያ የሚሞከረው መድኃኒት ነው፤ የልብ ምቱም ግፊቱም እንዲወርድ ይደረጋል። አኦርታው ሊፈነዳ ከደረሰ፣ ወይም ኩላሊት፣ አንጀት ወይም እግር ደም ካጣ ያ ስቴንት ያኔ ይገባል። በብሽሽት በኩል፣ ደረት ሳይከፈት።

ማይክል ደቤኪን የሚያነሱልኝ ሰዎች አሉ። የዚህ ቀዶ ጥገና ፈር ቀዳጅ እሱ ራሱ ነው፤ በ2005 መጨረሻ በፈረንጆቹ፣ በ97 ዓመቱ፣ የገዛ አኦርታው ተሰነጠቀ። መጀመሪያ ቀዶ ጥገናውን እምቢ አለ። ራሱን ሲስት በየካቲት 2006 ሂዩስተን ውስጥ ለ7 ሰዓት ያህል ተሠራለት፣ ድኖም እስከ 2008 ኖረ። ይሄንን «መቆየት ይቻላል» ለማለት መጥቀስ ልክ አይመስለኝም። ብዙ ሰው ያን ያህል ጊዜ አያገኝም።

ደረት ወይም ጀርባ ላይ ድንገት ቦግ ብሎ የሚቀድ ሕመም ከመጣ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፣ «ድንገት ነው የጀመረኝ» ብላችሁም ንገሩ። ከቤተሰባችሁ በዚህ የተያዘ ካለም አትደብቁ፤ ወላጅ፣ ወንድምና እህት፣ ልጆችም መታየት አለባቸው።